ሁለት ጊዜ የታየው የወሎ ፊልም

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከበዓሉ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ፊልም አሳየ። ቀኑ ልጃገረዶች አበባየሆሽ ሲሉ፣ ወንዶች ልጆች በቀለም የነደፉትን የእንቁጣጣሽ ሥዕል ይዘው በየደጁ ሲዞሩ፣ በየቤቱም በግ ሲታረድ የሚዋልበት የዘመን መለወጫ ነው። ማታ በቴሌቪዥን መስኮት የታየው ግን ሌላ ነበር፤ አጥንታቸው የገጠጠ ሕፃናት፣ ከመጠለያ ደጅ የወደቁ ሽማግሌዎች፣ ለማልቀስ እንኳ አቅም ያጡ እናቶች። በዚሁ መካከል ከሌላ ፊልም የተወሰዱ ሥዕሎች ገብተው ነበር። የቤተ መንግሥት ግብዣ ይታያል፤ ንጉሠ ነገሥቱም ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ ይታያሉ። ከዚያም ካሜራው ወደ ወሎ ይመለሳል። በማግሥቱ ጧት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ።

የወሎው ፊልም ለኢትዮጵያ ተመልካች ተብሎ የተሠራ አልነበረም። ከ11 ወር በፊት፣ ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 18 ቀን 1973)፣ ቴምዝ ቴሌቪዥን «ዚስ ዊክ» በሚለው ፕሮግራሙ አዘጋጅቶ በብሪታንያው የአይ ቲ ቪ መስመር አሳይቶት ነበር። ዘጋቢው ጆናታን ዲምብልቢ ነው፤ የፊልሙም ርእስ «ያልታወቀው ረሀብ» የሚል ነበር። እዚያ ፊልሙን ያየው ሰው ገንዘብ አዋጣ። እዚህ ያየው ሰው ደግሞ በማግሥቱ የአንድ ረጅም ዘመነ መንግሥት ፍጻሜ ሲታወጅ አንድም ዝም አለ፣ አንድም አጨበጨበ። ይኸው አንድ ሥዕል በለንደንና በአዲስ አበባ ፈጽሞ የማይገናኙ ሁለት ውጤቶች እንዴት ሊያስከትል እንደ ቻለ መመርመር ለቴሌቪዥን ባለሙያ ትርፍ ነገር አይደለም።

ከሁሉ አስቀድሞ የርእሱ ነገር አለ። ረሀቡ ያልታወቀው ለማን ነበር? የ1964 ክረምትና የ1965 በልግ ዝናብ በወሎ ጠቅላይ ግዛት ሰፊ ክፍል ሳይጥል ወይም ሳይበቃ ቀርቶ እህሉ በማሳው ላይ መክኗል። ይህን ገበሬው ያውቅ ነበር። በአዋሽ ሸለቆ የተከፈቱት የንግድ እርሻዎች የወንዙን ዳር የበጋ ግጦሽ ስለ ወሰዱበት ከብቱ ያለቀበት የአፋር አርብቶ አደርም ያውቅ ነበር። በየካቲት 1965 ገደማ ከሺህ የሚበልጡ የወሎ ገበሬዎች አቤቱታቸውን ለማሰማት በእግራቸው ወደ አዲስ አበባ ተጉዘው በፖሊስ ተመልሰዋል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴና ወደ አስመራ በሚወስደው ዋና መንገድ ዳር የረሀብተኛው ብዛት ከዕለት ወደ ዕለት ይጨምር ስለ ነበር፣ በዚያ መንገድ የተመላለሰ ሾፌርና ተሳፋሪ ሁሉ በዓይኑ አይቷል። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ፎቶግራፍ አንሥተው በግቢያቸው አሳይተዋል፤ ተማሪዎችም ሰልፍ ወጥተዋል። የውጭ አገር መንግሥታትና የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ወኪሎችም አስተናጋጁን መንግሥት ላለማስቀየም አፋቸውን ያዙ እንጂ ነገሩ ከእነርሱ አልተሰወረም። እንግዲህ «ያልታወቀው» የሚለው ቃል ለለንደን ተመልካች እውነት ነበር፤ ለኢትዮጵያ ግን የሚስማማው «ያልተነገረው» የሚለው ነበር።

ያልተነገረበትም ምክንያት ስውር አይደለም። ጋዜጦቹ፣ ራዲዮውና ቴሌቪዥኑ በማስታወቂያ ሚኒስቴር እጅ ነበሩ። ረሀብ የሚለው ቃል የአገርን ስም የሚያጎድፍ፣ ጎብኚን የሚያሸሽ፣ ከሁሉም በላይ የበላይ አለቃን የሚያስቈጣ ተደርጎ ይቈጠር ነበር። የአውራጃው ገዥ ለጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ፣ እንደራሴው ለሚኒስትሩ፣ ሚኒስትሩም ለቤተ መንግሥት ክፉ ወሬ ነጋሪ ላለመሆን ይሽቀዳደሙ ነበር። በዚህ ደረጃ በደረጃ በሚወጣ ዝምታ ውስጥ የሞተው ሰው ቍጥር ዛሬም አከራካሪ ነው፤ ዝቅተኛው ግምት ወደ 40 ሺህ፣ ከፍተኛው ወደ 200 ሺህ ይደርሳል። አማርትያ ሴን የተባሉት የምጣኔ ሀብት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት እንዳስረዱት በዚያን ዓመት በመላ አገሪቱ የነበረው እህል ከወትሮው እጅግ የጐደለ አልነበረም። በደሴ ገበያ ዋጋው የተፈራውን ያህል አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ የተጫነ እህል ነበር። የጐደለው የገበሬው መግዣ ነው። ማሳው የመከነበት ጭሰኛ የሚሸጠው ስላልነበረው፣ በገበያው እህል እያለ በገበያው ዳር ሞተ። ይህን ዓይነቱን ነገር በካሜራ ማሳየት እጅግ ያስቸግራል። የከሳ ሕፃን ፎቶግራፍ ይነሣል፤ የጭሰኝነት ውልና የእርሻ ግብር ግን ፎቶግራፍ አይነሡም።

ዲምብልቢና ባልደረቦቹ በ1966 ዓ.ም. መባቻ ወደ ወሎ የዘለቁት እንግዲህ ዝምታው እንዲህ በጠበቀበት ሰዓት ነው። ሠርተው የወጡት ፊልም ከግማሽ ሰዓት የማይበልጥ ነው፤ ኃይሉም በርዝመቱ አልነበረም። ዘጋቢው ቃሉን ቈጥቦ ካሜራው በመጠለያው ውስጥ በተደረደረው ሕዝብ ላይ በዝግታ እንዲያልፍ አደረገ። በቤቱ ከእራት በኋላ ተዝናንቶ ለተቀመጠ እንግሊዛዊ ይህ ከብዙ ንግግር ይልቅ የሚከብድ ነበር። ተመልካቹም መልሱን አላዘገየም። ለእርዳታ በቀረበው ጥሪ የብሪታንያ ሕዝብ ያዋጣው ገንዘብ ወደ 1.5 ሚሊዮን ፓውንድ ደረሰ፤ ይህም በዚያን ዘመን ሚዛን ብዙ ገንዘብ ነው። ፊልሙ በሌሎች አገሮችም ታየ፤ ሲሸሸግ የነበረው ነገርም ከዚያ በኋላ ሊሸሸግ የማይቻል ሆነ። የኢትዮጵያ መንግሥት ችግሩን በይፋ ማመን ግድ ሆነበት፤ የእርዳታ ማስተባበሪያ መሥሪያ ቤትም ተቋቋመ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው ወደ ወሎ ሄዱ። በዚያ ጕብኝት የተሰጠው ውሳኔ ግን ዘመኑን ያሳያል፤ በችግር ምክንያት መሬቱን የሸጠ ወይም በወለድ አግድ የያዘ ገበሬ ለመጪው አንድ የእርሻ ወቅት ብቻ ተመልሶ እንዲያርስና ከዚያ በኋላ ለአዲሱ ባለቤት እንዲለቅ ተፈቀደለት።

ለብሪታንያው ተመልካች ምስጋና ይገባዋል፤ ከእርዳታው የተነሣ የተረፈ ነፍስ አለና። ይሁን እንጂ የእርሱ አተረጓጐም ጠባብ እንደ ነበር ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባም። ያ ፊልም በደለኛ አልነበረውም። ያሳየው ሰማይ ዝናብ የነፈገውን፣ ዓለም የረሳውን ሕዝብ ነው። በደለኛ የሌለበትን መከራ ያየ ተመልካች የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኪሱን ይፈታል። ከዚያ በኋላ «ይህ ሕዝብ ስለ ምን ተራበ?» ብሎ ለመጠየቅ የሚገፋፋው ነገር የለም። ልቡናው ዐርፎ ይተኛል።

በአዲስ አበባ ግን ጥያቄው ያ ብቻ ነበር። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የተነሣው ንቅናቄ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድን ካቢኔ ጥሎ የእንዳልካቸው መኰንንን አመጣ። ሰኔ 21 ቀን ደርግ ተቋቋመ፤ ክረምቱን በሙሉም የዘውዱን ሥልጣን እንደ ሽንኵርት ልጣጭ በየተራ ይገፍ ጀመር። ባለሥልጣኖች ታሰሩ፤ የዘውድ ምክር ቤት ፈረሰ፤ የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ተባለ። የወሎን ጥፋት የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ተሰይሞ ምስክር ይሰማ ነበር። ይህ ሁሉ ሲሆን የንጉሠ ነገሥቱን ስብእና በቀጥታ መንካት እስከ መጨረሻው ድረስ የሚያስፈራ ነገር ነበር። ለ44 ዓመት ዘውድ የጫኑ፣ ስማቸው በየቅዳሴው የሚጠራ፣ የ82 ዓመት አዛውንት ናቸው። በጦርም በቤተ ክህነትም በገጠርም ምን ያህል ሰው እንደሚቈምላቸው በእርግጥ የሚያውቅ አልነበረም። ስለዚህ ከመውረዳቸው አስቀድሞ በሕዝብ ዓይን መውረድ ነበረባቸው። ለዚህ ሥራ የተመረጠው መሣሪያ ቴሌቪዥን ነው።

ፊልሙን በአዲስ መልክ ያቀናበረው ማንም ይሁን ማን ሞያውን የሚያውቅ ሰው ነበር። ሁለት ሥዕሎች ጐን ለጐን ሲቀመጡ አንዱም ብቻውን ያላለውን ሦስተኛ ነገር እንደሚናገሩ ማንኛውም የፊልም ቅንብር ሠራተኛ ያውቃል። ረሀብተኛው ሕፃን እውነተኛ ነበር፤ በሐሰት የተሠራ አልነበረም። የቤተ መንግሥቱ ግብዣም እውነተኛ ነበር፤ ንጉሡም ውሾች ነበሯቸው፣ ሥጋም ይሰጧቸው ነበር። አንዱ ወሎ፣ ሌላው አዲስ አበባ፣ በተለያየ ቀን፣ ምናልባትም በተለያየ ዓመት የተነሡ ናቸው። ሲጣመሩ ግን «ከዚያ አፍ ተነጥቆ ለዚህ አፍ ተሰጠ» የሚል ክስ ሆኑ። ክሱን በቃል የተናገረ የለም። ተመልካቹ ራሱ በልቡ ደመደመው፤ ሰው ራሱ የደመደመውን ነገር ደግሞ ሌላ ሰው ከነገረው ይልቅ አጥብቆ ያምናል።

ንጉሠ ነገሥቱም በዚያች ማታ ፊልሙን እንዲመለከቱ ደርግ እንዳዘዛቸው የታሪክ ጸሓፊዎች ጽፈዋል። በዚያች ሰዓት ምን እንዳሉና ምን እንደ ተሰማቸው ብዙ ተወርቷል። ካፑሽቺንስኪ የተባለው የፖላንድ ጸሓፊ ስለ ቤተ መንግሥቱ የመጨረሻ ዘመን ያሳተመው መጽሐፍ በውጭው ዓለም እጅግ ቢነበብም፣ ለታሪክ ማስረጃነት ያለው ዋጋ ብዙ ክርክር አስነሥቷልና ለጠንቃቃ ጸሓፊ መመርኰዣ አይሆንም። የተረጋገጠው የማግሥቱ ነው። መስከረም 2 ቀን ጧት የመኰንኖች ጓድ ወደ ቤተ መንግሥቱ ገብቶ የመውረጃውን አዋጅ አነበበ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሲሰሙ ቈይተው በአንዲት ትንሽ ቮልስዋገን ተሳፍረው ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር ተወሰዱ። በመንገድ ዳር ከቆመው ሰው «ሌባ! ሌባ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ከአንድ ዓመት በፊት መኪናቸው ሲያልፍ ይህ ሕዝብ እጅ ይነሣ ነበር።

ያችን ማታ የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬም በአንድ ቃል አይናገሩም፤ ክርክሩም ከፖለቲካ ወገንተኝነት ያለፈ ነው። አንደኛው ወገን ፊልሙ የዘገየ እውነት ነበር ይላል። ለሁለት ዓመት በገዛ አገሩ ጋዜጣ ያላነበበውን፣ በገዛ አገሩ ራዲዮ ያልሰማውን ሕዝብ ዓይኑን የገለጠለት ያ ምሽት ነው፤ የአቀናባሪው አሳብ ምንም ይሁን ምን ሟቾቹ በእርግጥ ሞተዋል፤ ስለ እነርሱም ተጠያቂ መኖር ነበረበት። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ነገሩን እንደ ደፈጣ ያየዋል። በዓመት በዓል ማታ፣ መልስ መስጠት ለማይችል አዛውንት፣ በተመረጠ ሥዕል ፍርድ ተሰጠ፤ ከሳሹም ምስክሩም ዳኛውም አንድ ነበር ይላል። በሁለቱ መካከል ብዙ ጊዜ ድምፁ የማይሰማ ሦስተኛ ስሜት አለ፤ እርሱም እፍረት ነው። ቴሌቪዥን ለመግዛት አቅም የነበረው የአዲስ አበባ ሰው በደሴ መንገድ ያለፈ፣ ከዘመድ የሰማ፣ ወይም ቢያንስ የጠረጠረ ሰው ነበር። በዚያ ምሽት የበላው በግ ጕሮሮው ላይ ቢቆም፣ ንጉሡን መክሰስ ከዚያ እፍረት የሚያመልጥበት የቅርብ በር ሆነለት ማለት ይቻላል። «ሌባ» ብሎ መጮኽ «አላየሁም ነበር» ከማለት ይቀልላል።

ለዚህ አሳብ ድጋፍ የሚሆን አንድ ነገር አለ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን በ1957 ዓ.ም. ሲጀምር የተተከለው ለዋና ከተማው ነበር፤ በ1967ም ቢሆን ሥርጭቱ ከአዲስ አበባና ከአካባቢው ብዙ የራቀ አልነበረም። ተቀባዩ መሣሪያም በሆቴል፣ በቡና ቤት፣ በመሥሪያ ቤትና ኑሮው በተደላደለ ሰው ቤት የሚገኝ ነበር። ፊልሙ ስለ ወሎ ነው፤ የወሎ ሰው ግን አላየውም። በብሪታንያ ያየው የእንግሊዝ ሕዝብ ነው፤ በኢትዮጵያ ያየው የከተማው ሠራተኛ፣ ተማሪ፣ ነጋዴና መኰንን ነው። በሥዕሉ ውስጥ ያለው ገበሬ በሁለቱም ጊዜ የሚታይ እንጂ የሚያይ አልነበረም። ደርግም ያሰበው ለእርሱ አልነበረም፤ የሚፈራውም የሚያግባባውም ቴሌቪዥን ያለውን ሰው ነበር። በዚያ በኩል ፊልሙ ግቡን መቷል። ንጉሠ ነገሥቱ ሲወርዱ በከተማዪቱ ለእርሳቸው የተኰሰ አንድ ጥይት አልተሰማም።

ለንደን የታየው ፊልም በደለኛ አልነበረውም። አዲስ አበባ የታየው አንድ በደለኛ ነበረው፤ አንድ ብቻ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሥርዓቱ፣ ውሉ፣ ግብሩ፣ የፈሩት ገዥዎች፣ የታፈነው ጋዜጣ፣ ዝም ያሉት የውጭ ወኪሎች ሁሉ በአንድ ሽማግሌና በውሾቻቸው ሥዕል ውስጥ ተጠቃለሉ። ንጉሡ አላፊነት አልነበረባቸውም ማለት አይደለም፤ ሁሉን ነገር በእጄ ያለ ገዥ በእጁ ያለውን ሁሉ ይጠየቅበታል። ነገር ግን አላፊነትን በጥንቃቄ መመዘን የመርማሪ ኮሚሽኑ ሥራ ነበር፤ ኮሚሽኑም ማን መቼ ምን እንዳወቀና ለማን እንዳስታወቀ ሰነድ እያገላበጠ ይመረምር ነበር። ያ ሥራ ሳያልቅ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ወደ 60 የሚሆኑ ሰዎች ያለ ፍርድ ተገደሉ። አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኰንን ከእነርሱ መካከል ነበሩ። ሰነዱ ተዘጋ፤ ሥዕሉ ቀረ። ስለ ወሎ ረሀብ ዛሬ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የኮሚሽኑን ምርመራ አይደለም፤ ውሾቹን ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው አሥር ዓመት ለሌላ ጽሑፍ ይቈይ። ይህን ታሪክ የሚነካው የ1976 ክረምት ነው። ዝናቡ በወሎና በትግራይ እንደ ገና ተቋረጠ፤ በሰሜን የሚካሄደው ጦርነትም ድርቁን ወደ እልቂት ለወጠው። የእርዳታ ማስተባበሪያና መቋቋሚያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ለጋሾችን ሰብስቦ አስጠንቅቋል፤ ለጋሾቹም ችላ ብለዋል። በአገር ውስጥ ግን ነገሩ በግልጽ እንዳይነገር ሆነ። በጳጉሜን የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ ይመሠረት፣ በመስከረም የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ይከበር ነበርና የመንግሥቱ ትኵረት ሁሉ ወደዚያ ዞረ። ለበዓሉ የወጣው ገንዘብ ከ100 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ እንደ ነበር ተጽፏል። የኮሚሽኑ ኃላፊ የነበሩት ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ፣ በዓሉ እስኪያልፍ ስለ ረሀቡ ማንሣት እንዴት ያለ ነገር እንደ ነበር ከአገር ከወጡ በኋላ ባሳተሙት መጽሐፍ ተርከዋል። ከበዓሉ ጋር ተያይዞ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በቀለም ማሠራጨት ጀመረ። ሰልፉና ርችቱ በቀለም ታየ። ወሎ አልታየም። ከ10 ዓመት በፊት በዚሁ ጣቢያ፣ በዚሁ ሰሞን፣ ግብዣንና ረሀብን ጐን ለጐን ያሳየው መንግሥት አሁን ግብዣውን ብቻ አሳየ።

በብሪታንያ በኩል ነገሩ በሁለት ደረጃ መጣ። በሐምሌ 1976 የቻርልስ ስቴዋርት «የተስፋ መቍረጥ ዘር» የተባለ ፊልም በአይ ቲ ቪ ታይቶ የእርዳታ ጥሪ ተደርጎበታል፤ ሕዝቡ ገንዘብ ቢሰጥም መንግሥታትን ከእንቅልፋቸው የሚያስነሣ ድንጋጤ ግን አልተፈጠረም። ያን ድንጋጤ የፈጠረው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 23 ቀን 1984) በቢ ቢ ሲ ዜና የታየው የኮረም ዘገባ ነው። ዘጋቢው ማይክል በርክ፣ ሥዕሉን ያነሣው ናይሮቢ የተወለደው መሐመድ አሚን ነበር። 7 ደቂቃ ያህል ብቻ የሚፈጀው ያ ዘገባ በመላው ዓለም በ425 ያህል ጣቢያዎች እንደ ታየ ይነገራል። አየርላንዳዊው ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ በቤቱ ተቀምጦ ካየው በኋላ በኅዳር ወር ባልደረቦቹን ሰብስቦ ለእርዳታ የሚውል ዘፈን አስቀረጸ፤ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ በለንደንና በፊላደልፊያ በአንድ ቀን ታላቁ የላይቭ ኤድ ትርኢት ተካሄደ። ከ1966ቱ ጋር ሲነጻጸር ገንዘቡም፣ እህሉም፣ የሰው ልብ መነካትም እጅግ የበዛ ነበር። እንደ ገና ግን ፊልሙ በደለኛ አልነበረውም። በመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን እንደ ነበረው ያለ መቅሠፍት ሆኖ ቀረበ፤ ጦርነቱ፣ የእህል ጭነት መታገዱ፣ የለጋሾቹ ቸልታ ከሥዕሉ ውጭ ቀሩ። በዚያው ሳምንት ፒተር ጊል የተባለው ዘጋቢ በአይ ቲ ቪ ባቀረበው ፊልም የአውሮፓ ጐተራ በተትረፈረፈ እህል ተሞልቶ ሳለ ኢትዮጵያ መራቧን ቢያሳይም፣ በሰው ትዝታ ጸንቶ የቀረው የኮረሙ ንጋት ነው።

በኋለኞቹ ዓመታት በራሱ በምዕራቡ ዓለም ክርክር ተነሣ። የከሳ ሕፃን ሥዕል ገንዘብ ቢያስገኝም የአንድን ሕዝብ መልክ በዓለም ፊት ለዘለዓለም ያቀዘቅዘዋል የሚሉ ወገኖች በዝተው፣ እ.ኤ.አ. በ1989 የአውሮፓ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ስለ ሥዕልና መልእክት የሥነ ምግባር ደንብ አወጡ። ደንቡ በችግር ላይ ያለ ሰው ክብሩ ተጠብቆ እንዲታይ፣ የችግሩም ምክንያት እንዲገለጽ ያሳስባል። መልካም ነው። በውጭ የሚኖር ኢትዮጵያዊ በየሥራው ቦታና በየትምህርት ቤቱ «ከዚያች ከተራበችው አገር ነህ?» ተብሎ ሲጠየቅ የኖረው ከእነዚያ 7 ደቂቃዎች የተነሣ ነውና ክርክሩ ለእርሱ የመጽሐፍ ነገር ብቻ አይደለም። ነገር ግን ደንብ ያወጡት ሥዕሉን የሚያነሡትና የሚያሳዩት ናቸው። ሥዕሉ የተነሣበት ሰው እንደ ወትሮው አልተጠየቀም።

ከእነዚያ ሰዎች አንዷ ብቻ ተመልካቾቿን ፊት ለፊት ለማግኘት በቅታለች። በ1977 ዓ.ም. የካናዳ ቴሌቪዥን ዘጋቢ ብራያን ስቴዋርት ትግራይ ውስጥ አንዲት በሞት አፋፍ ላይ ያለች ሕፃን ፊት ቀርጾ ነበር፤ ያ ሥዕል በላይቭ ኤድ ቀን ለዓለም ታየ። ሕፃኗ፣ ብርሃን ወልዱ፣ አልሞተችም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 2 ቀን 2005 በለንደን ሃይድ ፓርክ በተደረገው ትርኢት፣ ያ የሕፃንነት ፊቷ በትልቁ መስኮት ላይ ለተሰበሰበው ሕዝብ ከታየ በኋላ፣ አድጋ ትምህርቷን የተከታተለች ወጣት ሆና ወደ መድረኩ ወጣች። ከ20 ዓመት በፊት ያለቀሱላት ሰዎች ቆመው አጨበጨቡ። እርሷም ከመድረኩ ላይ ሆና ለመጀመሪያ ጊዜ ተመለከተቻቸው።